የራዊያ ተራ

ቆቦ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለፈው የካቲት ልጆችን ከሂሳብና ከኮምፒውተር ፈር ቀዳጅ ሴቶች ጋር የሚያስተዋውቅ ዝግጅት እንድናሰናዳ ታዘዝን። ድንኳን ተተከለ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ። የተመደቡት ተናጋሪዎች አራት ሲሆኑ አራቱም ወንዶች ነበሩ። የሴቶች ነገር ለሴቶች ብቻ እንዳይተው ተጠንቅቀው መሆን አለበት።

ከመርሐ ግብሩ ግርጌ «የሕፃናት ዝግጅት (ሰዓት ከተረፈ)» ይላል። ይህ የተማሪዬ የራዊያ ነው። ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስለ አዳ ላቭሌስ የሦስት ደቂቃ ንግግር በቃሏ ይዛለች። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ይህች ሴት ገና ላልተሠራ ማሽን ትእዛዝ በቅደም ተከተል እንደጻፈች ክፍል ውስጥ ነግሬያቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ለጫማ ማሰርም፣ ለእጅ መታጠብም፣ ለእኔም ጭምር ትእዛዝ ይጽፋሉ።

ራዊያ የምትፈልገው እናቷ ዓሊማ እንድትሰማት ብቻ ነው። ዓሊማ ሽንኩርት ታለማለች፤ የዚያን ቀን የመስኖ ውሃ ተራዋ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። እዚህ በውሃ ተራ ቀልድ የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ባለተራው ራሱ መጥቶ የቀደመውን ሰው ቦይ በአካፋ ይዘጋና ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሳል። አያስፈቅድም፤ የተዘጋበትም አይቀየምም። የዘገየ ሰው ግን የዘገየበት ደቂቃ ቀለጠ ማለት ነው።

የክብር እንግዳው አቶ ዘካሪያስ ሦስት ሰዓት ተብለው አምስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሌሎቹ ሦስቱ እሳቸውን እየጠበቁ ተናግረው፣ ደግመውም ተናግረው ነበር። ለእሳቸው የተሰጣቸው አሥር ደቂቃ ነው። በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ስለ ሴቶች ያላሉት ነገር የለም፤ የአንዲት ሴት ስም ብቻ አልጠሩም።

ራዊያ ለልጆቹ ወረቀት አስተላለፈች። «አሥር ደቂቃ ካለፈ አጨብጭቡ። ካላቆሙ እንደገና አጨብጭቡ» ይላል። ልጆቹ አጨበጨቡ። አቶ ዘካሪያስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑና ከሴቶች ወደ መንገድ ግንባታ ተሻገሩ። እንደገና ተጨበጨበላቸው፤ ወደ አየር ንብረት ተሻገሩ።

«ቲቸር፣ ትእዛዙ ተበላሽቷል» አለችኝ ራዊያ።

«ታዲያ አስተካክይዋ!» አልኳት። ተናድጄ ነበር።

ከኋላ ዓሊማ ሻርፗን አስተካክላ ለመሄድ ተነሣች። ራዊያ አየቻት። ቀጥ ብላ ሄዳ የድምፅ ማጉያውን ሶኬት ነቀለችው።

የአቶ ዘካሪያስ አፍ ለጥቂት ጊዜ ያለ ድምፅ ሠራ። ዳይሬክተራችንን ላብ አጠመቀው። ራዊያ መድረኩ ላይ ወጥታ፣ «ጋሼ፣ ተራዎ አልቋል። አሁን የኔ ነው» አለች።

ከኋላ የተቀመጡት ገበሬዎች በሳቅ ፈነዱ። «ወላሂ እውነቷን ነው! ተራዋ ነው!» አሉ ሙሀመድሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ። አቶ ዘካሪያስም የገበሬ ልጅ ናቸውና ምን ይበሉ? ወረዱ።

ሶኬቱን ራሷ ስለነቀለችው ለእሷም ማጉያ አልነበራትም። እየጮኸች ተናገረች። ዓሊማ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ከዚያ ባጃጅ ለመያዝ ሮጠች። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

በማግስቱ የወጣው ሪፖርት «ዝግጅቱ መብራት በመቋረጡ ምክንያት ከክቡር እንግዳው ንግግር በኋላ በስኬት ተጠናቋል» ይላል። ራዊያ የሚባል ስም ሪፖርቱ ውስጥ የለም።

ዓሊማን ገበያ ላይ አገኘኋት።

«ደረስሽ?» አልኳት።

«ሦስት ደቂቃ አመለጠኝ።»

ዓሊማ ለገዛ ወንድሟ እንኳ የአንድ ደቂቃ ውሃ ሰጥታ አታውቅም። «አዝነሻላ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን ያሳዝነኛል?» አለች ሽንኩርቷን እየደረደረች። «ለልጄ ለቀቅሁላት።»