ብርጭቆ የማይሞላው ቧንቧ

ሚጢጢ ጡቱን ይዛ አራት ጊዜ እንደዋጠች ትን አላት። ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ ሁለት ጡጫዋን ጨብጣ እናቷን ገፋችና ጩኸቷን ለቀቀችው። የሰባት ሳምንት ልጅ ይህን ያህል ጉልበት ከየት እንደምታመጣው አይታወቅም። እናትየው ፎጣ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈች፤ ቀሚሷ ግን ቀድሞ ርሶ ነበር።

"እኔ ተናግሬያለሁ፣" አሉ አማቷ የሾርባውን ሳህን ይዘው ከአልጋው አጠገብ እንደቆሙ። "ይቺ ልጅ ጡት ጥላለች።"

ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል። ሚጢጢ ግን ጡት አግኝታ ነው የምታለቅሰው፤ ተረቱን ያወጣው ሰው እሷን አላያትም።

እናትየው የቧንቧ ሠራተኛ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ የሥራ ባልደረቦቿ "መፍቻ" ብለው ይጠሯታል፣ ስሙም አልበዛባትም። አንድ ቧንቧ ለምን እንደሚጮህ ከበር ላይ ሆና በድምፁ ትለያለች። የገዛ ልጇ ለምን እንደምትጮህ ግን ሳምንት ሙሉ ሊገባት አልቻለም። ጩኸቱንስ ትችለዋለች። አንጀቷን የሚበላት ግፊያው ነበር፤ ይቺን የምታክል እጅ ደረቷ ላይ አርፋ ስትገፋት፣ ልጄ እኔን አልፈለገችም የሚል ሐሳብ ይመጣባታል።

"ወተቱ በልብስሽ ላይ ፈሶ እያለቀ ለልጅቷ ምን ይተርፋታል?" አሉ አማቷ።

ይህን አባባል መፍቻ ካመነችበት ቆይታለች። የሚያፈስ ታንከር እንደሚጎድል ከእሷ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? እንደ ባለሙያም መፍትሔ አበጅታለታለች። ታንከሩ በደንብ እስኪሞላ ድረስ ጡት በየአራት ሰዓቱ ብቻ እንዲሰጥ ወስና ስልኳ ላይ ማንቂያ ሞላች፤ ሚጢጢ በመሃል ካለቀሰች በእሹሩሩ ትታለላለች። እናትየው ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ሾርባ ትጠጣለች። ከሾርባው ብዛት የተነሣ ትርፉን የሚጨርሰው ባለቤቷ ነው፤ እስካሁን ጉንጭ ያወጣውም እሱ ብቻ ነው።

እርግጥ ባለፈው ሳምንት ለክትባት ሲሄዱ ነርሷ የልጅቷ ክብደት በደንብ መጨመሩን ነግራቸው ነበር። አማቷ ግን ነገሩን አልተቀበሉትም። "ያ ሚዛን ገበያ ቢወጣ ባለቤቱ ይታሰር ነበር፣" ብለው ዘጉት።

ጠረጴዛው ላይ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ትናንት የገዙት እሳቸው ናቸው።

"በይ እንግዲህ፣ ከምሳ በኋላ ጡጦ እናስለምዳታለን። አንቺም ታርፊያለሽ።"

"እሺ፣" አለች መፍቻ። እሺ ያለው አፏ ብቻ ነበር።

ሚጢጢ ለቅሶው አድክሟት በአያቷ ትከሻ ላይ ስታንቀላፋ ስልክ ጮኸ። ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር ናቸው።

"መፍቻ፣ ቧንቧዬ ብርጭቆ አልሞላ አለኝ፣" አሉ።

አማቷ ፊታቸውን አጨማደዱ። "ከወለድሽ እኮ ገና ሁለት ወር አልሞላሽም።"

"ሁለት ፎቅ ነው የምወርደው እማማ፤ አገር አልለቅ።" የመሣሪያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ የምታውቀው ነገር መንካት አምሯት ነበር።

መምህሩ ወጥ ቤታቸው ውስጥ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ጠበቋት።

"ውሃ የለም ነው ያሉኝ ጋሼ?"

"የለም አላልኩም። አይሞላም ነው ያልኩት። ልዩነት አለው፤ እዪ።"

ብርጭቆውን ከቧንቧው ሥር ይዘው ከፈቱ። ውሃው እንደ ተለቀቀ የብርጭቆውን መቀመጫ መትቶ ወደ ላይ ዘለለ፤ የመምህሩን ሸሚዝ አራሰ፣ ግድግዳውን አራሰ፣ የመፍቻንም ፊት ሳይምር አራሰ። ሲዘጉት ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ውሃ ነበር።

"ጣሪያው ላይ አዲሱ ፓምፕ ከተገጠመ ወዲህ እንዲህ ነው፣" አሉ መምህሩ። "እኔማ ውሃው አንሶ መስሎኝ ፓምፕ ይጨመርልኝ ብዬ ለሕንፃው ኮሚቴ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ልሰጣቸው ነው።"

መፍቻ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ኧረ እንዳይሰጧቸው! ውሃው አላነሰም እኮ ጋሼ፤ በዝቷል። ማርም ሲበዛ ይመራል። ብርጭቆው መቀበል አቅቶት ነው የሚተፋው፣ እርስዎ ደግሞ..."

ንግግሯ መሃል ላይ ቆመ። እጇ ከመታጠቢያው ሥር ባለው የውሃ መዝጊያ ላይ እንዳለ ቀረ።

ትዝ አላት። ሚጢጢ መጀመሪያ ላይ መች እምቢ ትላለች? ተስገብግባ ነው የምትይዘው። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ትውጣለች፣ ትን ይላታል፣ የምትገፋው ከዚያ በኋላ ነው። ንጋት ላይ ግን ማንም ሳይነግራት በሰላም ጠብታ ትተኛለች፤ ያን ጊዜ ጡቱ ሌሊቱን ሲያፈስ አድሮ ፎጣው በስብሶ ይገኛል። በቀን ስምንት ጊዜ የምትቀይርላት የረጠበ ዳይፐርስ? የጎደለ ታንከር ይህን ሁሉ አያወርድም። ማንቂያው ደግሞ አለ። አራት ሰዓት ሙሉ የዘጉትን ነገር በአንድ ጊዜ ሲለቁት ምን እንደሚሆን፣ መሣሪያ ተሸካሚ ሳለች የተማረችው የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

"ምነው ደነገጥሽ?" አሉ መምህሩ።

"ልጄ ጡት አልጣለችም ጋሼ።"

"ጣለች ያለው ማነው?"

"እኔው ነኝ።"

መምህሩ ብርጭቆውን አጠብ አጠብ አደረጉና ከቧንቧው ሥር መልሰው ያዙት።

መፍቻ መዝጊያውን በግማሽ ዙር መለሰችው። ውሃው ልክ እንደ ሰው መውረድ ጀመረ፤ ብርጭቆው ጢም አለ። መምህሩ እዚያው ቆመው ጠጡት። እሷ ግን በሐሳቧ ሄዳለች። ጡት መዝጊያ የለውም። ቢሆንም የመጀመሪያውን ኃይለኛ ውሃ ባልዲ ላይ መልቀቅ ይቻላል። ውሃ ሽቅብ ሲወጣም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልጅቷን ከላይ ማድረግ ነው። ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት አያስፈልግም ነበር፣ ግን እንኳን ሠራሁ አለች በልቧ።

ደረጃውን በሩጫ ወጣችው። ቤት ስትገባ ውሃው ፈልቶ በርዷል፣ ጡጦው ታጥቧል፣ ሚጢጢም ነቅታ ታለቅሳለች። አማቷ በማንኪያ እጀታ የቆርቆሮውን ክዳን እያነሱ ነበር።

"እማማ፣ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ።"

"እስከ መቼ ነው ልጅቷን በረሃብ የምትቀጪያት?"

"አሥር ደቂቃ። ካልሆነ እኔው ራሴ ጡጦውን እይዛለሁ።"

አልጋው ላይ ትራስ ደርድራ ጋደም አለችና ልጅቷን ደረቷ ላይ በሆዷ አስተኛቻት። ሚጢጢ አንዴ ሁለቴ ሳበች፤ መፍቻ የወተቱ አመጣጥ ሲሰማት በጣቷ ቀስ ብላ አላቀቀቻት። ፎጣውን ለመያዝ አንድ አፍታ ዘገየች። ወተቱ እንደ ቀጭን ክር ተስፈንጥሮ ቆርቆሮውን አለፈና የአማቷን መነጽር መታ።

አማቷ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ እንደገና አዩት።

"ይሄ ሁሉ ወተት... የት ነበር?"

"እዚሁ ነበር። እኛ ነን አንሷል ያልነው።"

ኃይሉ እስኪበርድ ፎጣው ላይ ለቀቀችው። ጠብታ ሲሆን ሚጢጢን መለሰቻት። ልጅቷ ያዘች፣ ዋጠች፣ ዋጠች፣ ከዚያ አፏን አላቀቀች። መፍቻ ጩኸቱን ጠበቀች። ሚጢጢ ግን አልጮኸችም፤ ረጅም ትንፋሽ ወሰደችና ማንንም አስቸግራ እንደማታውቅ ሰው ተመልሳ ያዘችው። ጡጫዋ ቀስ በቀስ ተፈታ። ያቺው የምትገፋ እጅ ደረቷ ላይ ተዘርግታ ቀረች፤ መፍቻ ያኔ አለቀሰች።

ሚጢጢ ጠግባ ስትተኛ አማቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አልጣለችም ማለት ነው?"

"ሸሽታ ነው እንጂ አልጣለችም። ከነገ ወዲያ ጤና ጣቢያ ወስጄ ለነርሷም አሳያታለሁ።"

"አባቷም እንዲህ ይገፋኝ ነበር፣" አሉ አማቷ ቀስ ብለው። "ወተትሽ አንሷል አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። በሁለት ወሩ አስጣልኩት።"

መፍቻ እጃቸውን ያዘች። "አይዞዎት እማማ፣" አለች፤ "ይኸው በሾርባው እያካካሰ ነው።"

አማቷ ሳይወዱ ሳቁ። ክዳኑን በመዳፋቸው ተጭነው ዘጉና ቆርቆሮውን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀሉት።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንዳለፈ ሚጢጢ ተላወሰች። አላለቀሰችም፤ አፏን ከፍታ ግራና ቀኝ ትፈልጋለች።

"ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል እኮ፤ ታንከሩ..." አሉ አማቷ ከልማድ፤ ቃሉን ሳይጨርሱ ተዉት።

መፍቻ ስልኳን አንስታ ማንቂያውን ሰረዘችና ልጇን አቀፈቻት። አማቷ ሳይጠየቁ ፎጣ አቀበሏት፤ ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።