ድምፅ አልባዋ መኪና

የአባባ ድምፅ ደህና ነበር፤ ያስቸገራቸው ጉልበታቸው ነው። ቤታችን ከደብረ ብርሃን ገበያ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከገበያው ማዶ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ካለችው ትንሽ ዳገት በቀር መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ጤነኛ ሰው ሳይደክመው ይደርሳል። አባቴ መሪጌታ ወልደተንሣኤ ግን በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የጥቅምት ውርጭ ከገባ ወዲህ በየአጥሩ ሥር እያረፉ ስለሚሄዱ፣ ሲደርሱ ዜማው ተጀምሮ ያገኙት ጀመር። በበቅሎ እንዳይሄዱ እግራቸውን ወደ እርካብ ማንሣት አቃታቸው። የሰው መኪና እንዳንለምን የደብሩ አለቃ ገብረአማኑኤል በጸሎት ሰዓት ሞተር በግቢው አጠገብ እንዳያልፍ አጥብቀው ከልክለዋል።

አለቃ ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን ቤታችን ድረስ መጥተው፣

«መሪጌታ፣ ዜማ የሚመራ ሰው ሲጀመር መገኘት አለበት። እስከ ጥምቀት እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ማቆሜ ነው» አሏቸው።

አባባ «እውነትዎን ነው» አሉ። ያን ቀን ራታቸውን አልበሉም።

እኔ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ነበር የምሠራው። ለዕቃ አዲስ አበባ በተላክሁበት ጊዜ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ንብረቱን የሚሸጥ አንድ ጣሊያናዊ ቤት መኪናዋን አየኋት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሰማያዊ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ነዳጅ የማትጠጣ፣ በባትሪ ብቻ የምትሄድ ናት። ሩቅ አትሄድም፤ ከደብረ ብርሃን ጫጫ ብትደርስ እንኳ መመለሷ ያጠራጥራል። ለአባባ መንገድ ግን ትተርፋለች። በጭነት መኪና አስጭኜ አመጣኋት።

ወለሏ ዝቅ ያለ ስለሆነ አባባ በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ቁጭ አሉና እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው አስገቡ።

«ሞተሩን አታስነሣም እንዴ?»

«እየሄድን እኮ ነው፣ አባባ።»

አጥሩ ወደ ኋላ ሲቀር አዩና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ባትሪውን የምንሞላው ዓወል ወፍጮ ቤት ነው። ዓወል ከአልዩ አምባ የመጣ ነጋዴ ሲሆን፣ ከወፍጮው ጋር ጀነሬተር አለው። «በቅሎህ ዛሬም ልትበላ መጣች?» ይለኛል ሁልጊዜ። «ጭድ አትወድም፣ ፋንድያ የላትም። አላህ ይቺን ለእኔም ይስጠኝ!»

ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ባደረበት ማለዳ መኪናዋ ዳገቷ ላይ ትደክማለች፤ ደመና ባደረበት ማለዳ ግን ደህና ትወጣለች። ብርድ ባትሪውን እንደሚያዳክም ከዚህ ተረዳሁና ማታ ማታ ከበግ ጠጉር በተሠራ የመንዝ ባና እሸፍናት ጀመር። ከዚያ ወዲህ አልደከመችም።

ትልቁ ችግር ዝምታዋ ነበር። ከኋላው ስትመጣ የሚሰማት ሰው የለም። አንድ ቀን ገበያው አጠገብ ክላክስ ባደርግ፣ አንዲት በቅሎ ደንብራ የጫነችውን ባቄላ መንገድ ላይ ዘረገፈችው።

«ወደ ጸሎት የሚሄድ ሰው በሰው ላይ አይጮኽም» አሉ አባባ። «ሁለተኛ እንዳትነካው።» ማታውን የሞተችውን በቅሏቸውን ቃጭል ከግድግዳ አውርደው ከመኪናዋ ፊት አሰሩት።

በማግስቱ ቃጭሉ ሲያቃጭል ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። እኔም ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ወንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሴቱም መሬት ላይ ተደፋ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በእኛ አገር ቅዱስ ቁርባን ሊሞት ላጣጣረ ሰው ወደ ቤቱ ሲወሰድ፣ ዲያቆን ቃጭል እያቃጨለ ፊት ፊት ይሄዳል። የአባባ ጥምጥም ሲጨመርበት ሰው ሌላ ምን ያስብ!

ጎረቤታችን እመት ወለተሐና ከመኪናዋ ጎን እየሮጡ፣ «ማን ነው? ማን ሊሞትብን ነው?» አሉ።

«ማንም አይሞትም፣ እመት ወለተሐና።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው የምታሰግዱን? ነጠላዬን አቧራ አስላሳችሁት እኮ!»

አለቃ ገብረአማኑኤል ይህን ሲሰሙ አስጠሩን። «ለቁርባን የሚገባውን ስግደት ለመኪና አናሰግድም፤ ቃጭሉ ይፈታ» አሉ። «ያለ ድምፅ ደግሞ ሰው ትገጫለች። መምጣቷን ሰው የሚያውቅበት ነገር ካላገኛችሁላት፣ ወደዚህ እንዳትመጣ።»

ከጥምቀት በፊት የቀረው አንድ እሑድ ብቻ ነበር። ያን እሑድ ማለዳ አባባ ጥምጥማቸውን አሳምረው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ቃጭሉ ተፈትቷል።

«እንዴት እናድርግ?» አልኳቸው።

«ቀስ ብለህ ንዳ።»

ገበያውን ስናልፍ መንገዱ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሞላ። ከፊታችን የምትሄድ ሴት አልሰማችንም። ፍሬን ያዝሁ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የዕለቱን ዜማ ጀመሩ። መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ ኋላ ግን በሙሉ ድምፃቸው ለቀቁት። ሴትዮዋ ዞር ብላ «መሪጌታ ናቸው!» አለችና ዳር ያዘች። ከእሷ ፊት ያለውም ዳር ያዘ። ሌላ መኪና ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ድምፃቸውን ይውጠው ነበር። የእኛዋ አንድ ቃል ሳታስቀር ለሰው አደረሰችው። ዳገቷንም በዜማው ወጣን።

አባባ በበቅሎ የመጣ ሰው በሚወርድበት ዛፍ ሥር ወረዱና በመቋሚያቸው ተደግፈው ተሳለሙ። አለቃ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ከገበያው ጀምሮ ስሰማዎት ነበር» አሉ። «ምንም አላጎደሉም።»

«መኪናዋስ ትመለስ?» አሉ አባባ።

አለቃ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩአት። «እሷ ምን አጠፋች? ዜማ ሲዜም ዝም ብላ ታዳምጣለች። ከዲያቆኖቼ ትሻላለች።» ከዚያም ከበሩ ፈቀቅ አሉላቸው። «ይግቡ፣ መሪጌታ። ገና አልተጀመረም፤ የሚጀምሩት እርስዎ ነዎት።»

ብርዱ ገና አልለቀቀም ነበር። ከወንበሩ ኋላ ባናውን አውጥቼ መኪናዋን አለበስኳት፤ ሳልጨርስ የአባባ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።