የውቤ ስምንት ሠራተኞች

ከሸሕዲ ወደ ሽንፋ ሲኬድ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ የሰሊጥ እርሻ አለ። አለ ከተባለ ነው። ባለሀብቱ የአካባቢውን ተኩስ ፈርቶ ጎንደር ገብቷል፤ ትራክተሩ ጎማው ተንፍሶ ቁጭ ብሏል፤ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ሳሉጉ፣ ከጠፋ ሁለት ክረምት አለፈው። የቀረው ዘበኛው ውቤ ብቻ ነው። ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ አንድ አሮጌ ሬዲዮ አለው፤ የሚያወራው ሲያጣ ጉንዳኑን «እንደምን አደራችሁ» ይላል።

ወደሱ የምትመጣ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ፍቅርአዲስ ትባላለች፤ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መረጃ ሰብሳቢ ናት። በየሦስት ወሩ በሞተር እየመጣች፣ እርሻው ስንት እንዳመረተ፣ ስንት ሰው እንዳሠራ ጠይቃ በታብሌቷ ትሞላለች። አንዴ ታዲያ «ሥራ ካቆመ ቦታ እንኳ አንሄድም» ስትል ሰማትና ውቤ ክው አለ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳሉጎቹ ጥለውት የሄዱትን ሸሚዝና ጀለቢያ ለቃቀመ፣ ገለባ ጠቀጠቀበት፣ በእንጨት እያንጠለጠለ ማሳው ዳር ገተረው። ስምንት ሆኑ። ከዛፉ ጥላ ሆኖ ላያቸው ጎንበስ ያሉ አራሚዎች ናቸው።

ዛሬ መጣች፤ ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ስንት ሠራተኛ አለ፣ ጋሼ?»

«ስምንት። ያውልሽ። ያ ረጅሙ ግን ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ ደሞዙን ልቆርጠው ነው።»

ሳቀችና ሞላች። ውቤ ቶሎ እንዳትሄድበት ወሬ ፈለገ።

«እስቲ አስረጂኝ ልጄ። ሬዲዮው በዚህ ሩብ ዓመት የሀገር ምርት በብር አደገ አለ። የቱ ሀገር ነው? እዚህ ከእሾህ በቀር ያደገ የለም።»

«በሦስት ወር የተመረተው ሁሉ በብር ተተምኖ ይደመራል። አሁን፣ አምና ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ሸጡ እንበል። ዘንድሮ አንድ ብቻ አገኙ፤ ዋጋው ግን ሦስት እጥፍ ሆነ።»

«ኪሴ ወፈረ!»

«ጎተራዎስ?»

«ጎተራዬማ ከሳ።» ጭኑን መታ። «አሃ! ምርቱ እየሞተ ብሩ ብቻውን ያድጋል በይኛ!»

«ለዚያ ነው የዋጋው ጭማሪ ተቀንሶ ደግሞ የሚታየው።»

«ድምሩን ከየት ያመጡታል?»

«ከኛ ነዋ። ባለፈው ሃምሳ ኩንታል አላሉኝም? እሱም ተልኳል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማሳውን ያያል። ስህተት ከተገኘ የምባረረው እኔ ነኝ፤ ሞላሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ።»

ውቤ አቧራ የለበሰ ሽፋሽፍቷን አየ። ዝም ካለ ልጅቷ እንጀራዋን ታጣለች፤ ከተናገረ እሱ እሷን ያጣል።

«ነይ እስቲ» አለና ማሳው ድረስ ወሰዳት። የረጅሙን እጅ ሳብ ሲያደርገው ከነገለባው ተዘረገፈ። ፍቅርአዲስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ሃምሳ ኩንታሉስ?»

«እሱም ገለባ ነው።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«እንድትመጪ።»

ወደ ጥላው እንደተመለሱ የሞላችውን ስምንት ሰርዛ፣ ያለፈው ሃምሳ ኩንታልም ስህተት መሆኑን ጽፋ «ሥራ አቁሟል» ብላ ሞላች። ታብሌቱ ግን አንድ ጥያቄ ቀረው፤ ተከፋይ ሠራተኛ ስንት?

«እኔ አለሁ አይደል!»

«ደሞዝ ይከፍሉዎታል?»

«ሰውዬው ስልኬን ማንሳት ከተወ ሰባት ወሩ።»

ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ዜሮ በይው» አላት ውቤ፣ «እኔን ጨምረሽ ሀገር አታበላሺ።»

ዜሮዋን ነካች። ታብሌቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሥራዋ አልቋል፤ ግን አልተነሳችም። ውሃ ቀዳላት። እሷ ቋራ ስላለች እናቷ፣ እሱ ስለሞተበት ወይፈን አወሩ። ጥላው ሲዞርባቸው አብረው ተጠጉ። ኋላ ሄልሜቷን አጠለቀች።

«ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።»

«በሦስት ወሩ...» ሊል ጀምሮ ዋጠው። «በሰላም ግቢ።»

የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ቆመ። ከጠፋም በኋላ ቆሞ ነበር።