ጎመን የሚበላው ጭራቅ

፩

«መውጫውስ?» አልኩት።

«የምኑ መውጫ?»

«የበላው ነገር የሚወጣበት ነዋ! አፍ አለው፣ ሦስት ረድፍ ጥርስ አለው፣ ሆድ አለው። ከዚያስ? ዕድሜ ልኩን አምቆ ሊይዘው ነው?»

ናኦድ የአውሬውን ሥዕል ከእጄ ነጠቀኝ። ዳይሬክተር ነው፤ ሥዕሉም የራሱ ነው። «መክሊት፣ በናትሽ! ሰው የሚፈራው ጥርሱን ነው። ቂጡን ማን ያየዋል?»

እኔ።

፪

ማን እንደሆንኩ ልንገርህና እንቀጥል። መክሊት እባላለሁ። ጠዋት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከስፖንጅና ከሙጫ አውሬ እሠራለሁ። ናኦድ ከሌላ ዓለም ስለመጣ ፍጡር ፊልም ሊሠራ ተነሥቷል። ፍጡሩን «እንግዳው» እንለዋለን። ልብሱን ለብሶ የሚጫወተው ጓደኛችን ዮፍታሔ ነው። ፊልሙን የሚያሠሩት ደግሞ ሲኒማ ቤት ያላቸው እትዬ አስካለ ናቸው። እሳቸው ነገር አያስረዝሙም። «ዓርብ መጥቼ አየዋለሁ። ካስፈራኝ ትሠራላችሁ። ካላስፈራኝ ያንኑ የሰርግ ኮሜዲ ትሠሩልኛላችሁ» ብለውናል።

የሰርግ ኮሜዲ።

ናኦድ ከዚህ በፊት ሦስት ሠርቷል፤ በሦስቱም ሙሽራዋ ከሰርጓ ትጠፋለች። «አራተኛውን ከምሠራ ታክሲ ረዳት ብሆን ይሻለኛል» ይላል። እኔም ብሆን በሕይወቴ የመጀመሪያዬ የሆነውን አውሬ በቬሎ መለወጥ አልፈልግም።

፫

በፊልም ካየኋቸው ፍጡራን ጋር ያለኝ ጠብ (ቅደም ተከተል የለውም)፦

— ሁሉም ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ፣ አንድ አፍንጫ። በሌላ ፀሐይ ሥር ተወልዶ አድጎ የአክስቴን ልጅ የሚመስለው በምን ዕዳው ነው?

— ፎቅ የሚያክል ጉንዳን። ጉንዳን ሳንባ የለውም፤ አየር የሚገባለት በጎኑ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ፎቅ ካከለ ታፍኖ ይሞታል፤ ያውም እግሩ ቀድሞ ካልተሰበረ።

— ከሰው ሥጋ በቀር የማይቀምስ፣ ሰው በሌለበት በረሃ የሚኖር። ሰው እስኪመጣለት ምን ይበላ ነበር? ይጾም ነበር?

ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ እየቀለድኩ ነበር።

፬

ከናኦድ ስልክ የተገለበጠ ድምፅ።

ናኦድ፦ ዓርብ እትዬ አስካለ ፊት እንግዳው ጥሬ ሥጋ ይዘነጥላል። ደሙ በአገጩ ይወርዳል። አለቀ።

ዮፍታሔ፦ ዓርብ?

ናኦድ፦ ዓርብ።

ዮፍታሔ፦ ሁዳዴ እኮ ነው።

ናኦድ፦ ገብቷል እንዴ?*

እኔ፦ ኧረ ተጋምሷል!

ዮፍታሔ፦ እኔ ሥጋ አልነካም። እንኳን እኔ፣ እትዬ አስካለም ሽታው ሲደርሳቸው ጥለውን ነው የሚወጡት።

ናኦድ፦ እንግዳው እኮ ክርስቲያን አይደለም!

ዮፍታሔ፦ አፉ ግን የኔ ነው።

* ናኦድ ጴንጤ ነው። ጾም መግባቱን የሚያውቀው የሰፈሩ ሥጋ ቤት ሲዘጋበት ነበር። ዘንድሮ ሰፈር ቀይሯል።

፭

ጎመን።

፮

«እሺ፣ ጎመን ይብላ፤ ጥርሱን ግን እንዳትነኪው» አለ ናኦድ።

እንዴት አልነካው! ቅጠል በጩቤ ይታኘካል? ሹሎቹን ነቅዬ ሰፋፊ መንጋጋ ገጠምኩለት። ቅጠል ደግሞ ቶሎ አይፈጭም፤ ስለዚህ ሆዱን አሰፋሁት። ሆዱ ሲከብድ ሁለት እግር አልቻለውም፤ በአራት አቆምኩት። ዮፍታሔ በእጁም በእግሩም እየዳኸ «ኧረ ወገቤን!» ይላል። መውጫም አበጀሁለት።

ናኦድ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ላም ሠራሽልኝ» አለ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። አንጀቴን በላው። ግን ምን ላድርግ፣ እጄ እምቢ አለ። አንዱን ስቀይረው ሌላው ራሱ መጥቶ «እኔስ?» ይለኛል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

፯

መመሪያ።

ለፋሲካ በግ ቀድሞ የገዛ ጎረቤት ፈልግ። በጉ ፊት ቁም። ሁለቱንም ዓይኖቹን እኩል ለማየት ሞክር። አቃተህ አይደል? አንዱ ወደ ግራ ነው፣ አንዱ ወደ ቀኝ። አሁን ቀስ ብለህ ወደ ኋላው ዙር።

አሁንም ያይሃል።

ከዚያ ድመት ፈልግ። ድመቷ ሁለቱንም ዓይኗን አንተ ላይ ትተክላለች። አዳኝ ፊት ለፊት ያያል፤ ታዳኝ ዙሪያውን ያያል። ይህን ካየሁ በኋላ የእንግዳውን ዓይኖች ከግንባሩ ሥር አውጥቼ በጎንና በጎን ተከልኳቸው።

ዮፍታሔ «ፈሪ ለናቱ!» ብሎ ሳቀብኝ።

፰

ዓርብ መጣ። እንግዳውን የሠራሁበት መጋዘን ውስጥ አንድ ወንበር አስቀመጥን። እትዬ አስካለ ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዮፍታሔ በአራት እግሩ ገባና ጎመኑን ማኘክ ጀመረ።

«ይሄ ነው?» አሉ። «ጾመኛ ነው እንዴ?»

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ናኦድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ እኔም አለቀልን አልኩ።

እንግዳው ማኘኩን አቆመ።

ቅጠሉ ከከንፈሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንገቱን ቀስ አድርጎ ቀና አደረገ። አንድ ዓይኑ እትዬ አስካለ ላይ ነው፤ ሌላው በሩ ላይ። ከዚያ ያ ሁሉ ግዝፈት ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ መጣና ከሴትየዋ ወንበር ጀርባ ሊደበቅ ተሸጎጠ። ይንቀጠቀጣል። ይህን ማንም አላዘዘውም።

«በስመአብ ወወልድ!» እትዬ አስካለ አንገቱን አቀፉና ወደ በሩ ዞሩ።

ሁላችንም ዞርን። በሩ ክፍት ነው፤ ውጭው ብርሃን ነው፤ ማንም የለም። ስፖንጅ መሆኑን የማውቀው፣ በእጄ የሰፋሁት እኔ፣ ፈራሁ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይሄን አክሎ የሚሸሸው ምንን ነው?»

«ዓይኑ በጎን ነው፣ እትዬ። ባገሩ የሚያድነው አለ ማለት ነው።»

«እኮ ምን? እሱን ንገሪኝና ፊልማችሁን ሥሩ። ካላወቅሽው ግን ሰርጉን ትሠሩልኛላችሁ።»

፱

አንባቢዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። አላሰብኩበትም ነበር።

የአዳኙ ዓይኖች ፊት ለፊት እንደሆኑ አውቃለሁ። ከእንግዳው ሊያንስ እንደሚችልም አውቃለሁ፤ ጅብ ከላም ያንሳል። እየጮኸ የሚያድን ስለሚራብ፣ ሲመጣ ድምፅ የለውም። ከዚህ ወዲያ አላውቅም።

ናኦድ በዓይኑ እየለመነኝ ነው። እትዬ አስካለ እጃቸውን ከእንግዳው አንገት ላይ አላነሱም። አዳኙ ምን እንደሆነ አንተ ሙላልኝ። ቶሎ በል፣ እየጠበቁን ነው። አፌን ከፈትኩና እንዲህ አልኩ፦

፲

«                                        »