በበርሜሉ ውስጥ የሚሮጥ ጎርፍ

የሻረግ ባሏ ጋሹ በጎርፍ ከተወሰደ ጀምሮ ጠላ ጠምቃ አታውቅም። ከዚያ በፊት ቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ያለው ቤቷ በጠላዋ የታወቀ ነበር። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣው ገበሬ እህሉን ሸጦ አህያውን አጥሯ ላይ ሳያስር አይመለስም ነበር።

ጋሹ ግንበኛ ነበር። ሲሚንቶ ሲያቦካና ድንጋይ ሲጠርብ ስለኖረ ደረቱ ደረቅ ሳል ነበረበት፤ ጎረቤት ሁሉ ከሥራ መመለሱን የሚያውቀው በሳሉ ነው። አንድ ክረምት የሻረግ ጥንስስ ጥላ ጌሾ አነሳት።

"ዛሬ ጎብዬ ገበያ ነው፤ ትንሽ ጌሾ ይዘህልኝ ና" አለችው።

ሄደ። ሲመለስ መኪና አልጠበቀም፤ ሁሌም እንደሚያደርገው በአቋራጭ መጥቶ ደረቁን ወንዝ ሊሻገር ገባ። ቆቦ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ከማዶ የነበሩ እረኞች ድምፁን ሰምተው ጮኹለት፤ ቀና ብሎ ሳያይ ጎርፉ ደረሰ። ወንዶቹ ወንዙን ተከትለው እስከ አፋር ጠረፍ ወርደው ፈለጉት። የተገኘ ነገር የለም።

ሽማግሌዎች መጥተው "ልጄ፣ እርምሽን አውጪ፤ ፍትሐት ይደረግለት" አሏት።

"ሬሳውን አሳዩኝና አለቅሳለሁ" አለች።

ጥቁር አልለበሰችም። ድንኳን አላስተከለችም፣ ተዝካርም አላወጣችም። ጋኖቿን ጓሮ ወስዳ ደፋቻቸውና መናኸሪያ በር ላይ ሻይና ቆሎ መሸጥ ጀመረች። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

በ2008 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሟ ዋሲሁን ከኮምቦልቻ መጣ። እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ይሠራል። ከሚኒባሱ ጣራ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር አስወረደና በባጃጅ ቤቷ ድረስ ይዞት ገባ። ሲፈታው የሚያብረቀርቅ፣ ወገብ የሚደርስ የብረት በርሜል ነው። ከታች ቧንቧ አለው፣ ከጎኑ ቁልፎች፣ ከውስጡ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሌላ ቅርጫት።

"ምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ?" አለች የሻረግ።

"ቢራ መጥመቂያ ነው እታለም። የባቡር ሐዲድ ሲሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ሰጠኝ። ማሞቂያውም፣ ማጥለያውም፣ መቀቀያውም እዚሁ አንዱ ውስጥ ነው። እንጨት የለ፣ ጭስ የለ። አንቺ እጅ ላይ ያለው ሙያ ቆሎ እየቆላ ማለቁ ያንገበግበኛል።"

"ትቼዋለሁ አልኩህ እኮ።"

"ጠላ ነው የተውሽው። ይሄ ቢራ ነው።"

ሳቋ መጣ። እሱም ይህንን እንደ እሺታ ቆጥሮ በርሜሉን ጋሹ የሥራ መሣሪያውን ያስቀምጥባት በነበረችው ክፍል ውስጥ ተከለው። እንዳይወላገድ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረገ። ቱቦዎቹን አጠበ፣ ላስቲኮቹን አጠበቀ። ከዚያ ለማጠብ ብቻ በባዶ ውሃ ሞላውና አበራው።

መጀመሪያ ሞተሩ አጓራ። ቀጥሎ ውሃው ከታች ተስቦ በቱቦው ላይ ወጥቶ ከአፉ ወደ ውስጥ መውረድ ጀመረ። የሻረግ ወደ በሩ አፈገፈገች።

"ምንድነው ድምፁ?"

"ፓምፑ ነው። ውሃውን እያዞረው ነው።"

"ድንጋይ አለበት።"

"ምን ድንጋይ?"

"ድንጋይ ለድንጋይ ሲጋጭ አይሰማህም?"

ዋሲሁን አጥፍቶ ከፈተው። ንጹሕ ውሃ ብቻ ነበር። የሻረግ ወጥታ ሄደች፤ የዚያን ዕለት ወደዚያች ክፍል አልተመለሰችም።

በማግሥቱ ግን ብቅሉን ራሷ አስፈጭታ መጣች። እጇ ሥራውን ረስቶት እንደሆነ ማየት ፈልጋ ይሆናል። የገብስ ብቅል ነው፤ እንዳይልም አድርጋ አስከክታዋለች። የራያ ሰው የለመደው ጣዕም እንዳይጠፋ ብላም ጥቂት የማሽላ አሻሮ ቀላቀለችበት። ዋሲሁን ውሃውን አሙቆ ቅርጫቱን አስገባ፤ እሷ እያማሰለች ብቅሉን ጨመረች። ክፍሏ በጣፋጭ የብቅል ሽታ ሞላች። ፓምፑ ውሃውን በብቅሉ ላይ ያዞረው ጀመር።

ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ቀጥ አለ፤ የጎረቤት ሬድዮም ተቋረጠ። ዋሲሁን "ሰፈሩ በሙሉ ነው ወይስ የኛ ቆጣሪ?" እያለ ወደ መንገድ ወጣ።

ውሃው ግን መሮጡን አላቆመም።

የሻረግ የበርሜሉ ትናንሽ መብራቶች መጥፋታቸውን አየች። በርሜሉን በመዳፏ ነካችው፤ ሞተሩ አይንቀጠቀጥም። ክዳኑን አነሳች። ብቅሉ ላይ ያለው ውሃ ረግቶ ቁጭ ብሏል። ድምፁ ግን አለ፣ እንዲያውም እየቀረበ ነው። ከሩቅ የሚመጣ፣ ዛፍና ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርድ ውሃ ድምፅ።

አጥር የምትጋራት ሳሊሀ ፍም ልትጫጭር መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"የሻረግ፣ ወንዙ መጣ እንዴ? በዚህ በበጋ?"

"አንቺም ሰማሽው?"

"እንዴት አልሰማም! ጆሮዬ አለ እኮ..." ሳሊሀ ንግግሯን አልጨረሰችም። ከበርሜሉ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አንድ ወንድ ሳለ። ደረቅ፣ ከደረት የሚወጣ ሳል ነው። አንዴ ሳለና ጉሮሮውን ጠረገ።

"አዑዙ ቢላህ!" ሳሊሀ የያዘችው ገል ከእጇ ወደቀ። "ዋሲሁን ነው?"

"ዋሲሁን መንገድ ላይ ነው።"

ሁለቱም የማን ሳል እንደሆነ ያውቁታል። ሳሊሀ ያንን ሳል ዓመታት ሙሉ በአጥሩ ስንጥቅ ስትሰማው ኖራለች። የየሻረግን ክንድ ይዛ ልታወጣት ሳበቻት፤ የሻረግ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ጋሹ" አለች ቀስ ብላ። "አንተ ነህ?"

መብራት መጣ። ወፍጮው ተነሳ፣ ፓምፑም አጓራ፤ ሌላው ድምፅ ሁሉ በዚያ ተዋጠ።

ዋሲሁን ሲመለስ ሁለቱን ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው አገኛቸው። ነገሩን ሳሊሀ ነገረችው፤ እሱ ግን ቱቦው አየር ስቦ ይሆናል እያለ በርሜሉን ዞሮ ዞሮ ፈተሸው። ምንም አላገኘም። ከዚያ ቅርጫቱን አንስቶ ብቅሉን አንጠፈጠፈ፤ የቀረውን ጣፋጭ ውሃ ማፍላት ጀመረ። ሲንፈቀፈቅ የተወቀጠውን ጌሾ አቀበላት።

"ይኸው፣ ጨምሪ።"

የሻረግ ጌሾውን ይዛ እጇ እንፋሎቱ ላይ ቀረ።

"ጌሾ አምጣልኝ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ያን ቀን ባይኖረኝ ምን ይቀርብኝ ነበር? ከጎረቤት አልበደርም?"

ዋሲሁን እሳቱ ላይ እንዳለ ሰው ላቡን ጠረገ። "እታለም፣ ጎርፉን አንቺ አልላክሽውም" አላት።

ቆይታ ጌሾውን ጨመረችው። ምሬቱ ከእንፋሎቱ ጋር ሲነሳ ዓይኗ እንባ አዘለ፤ አልፈሰሰም ግን።

የፈላውን ከበርሜሉ ጋር በመጣው ጠመዝማዛ ቱቦ አቀዘቀዙት። ለማቀዝቀዣ የሚወርደውን ውሃ ሳሊሀ በጀሪካን እየቀዳች ለልብስ አጠባ ወሰደችው፤ ቆቦ ላይ ውሃ አይደፋም። ከዚያ ወደ ፕላስቲክ በርሜል ገልብጠው እርሾ ጨመሩበትና ክዳኑን ገጠሙ። ሙቀቱ እንዳያበላሸው ዙሪያውን እርጥብ ጆንያ አለበሱት። በክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ ጥቂት ቆይታ ቡልቅ፣ ቡልቅ ማለት ጀመረች።

እስኪደርስ ድረስ የሻረግ ሻይ መሸጡን ትታ ቀኑን በዚያች ክፍል ታሳልፍ ነበር። ፈርታለች፤ መራቅ ግን አልቻለችም። ሥራ ይዛ ቁጭ ስትል አጠገቧ የሌላ ሰው መኖር ይሰማታል። ዞር ብላ አታይም። ዞር ብትል የሚሄድባት መሰላት። አንዳንዴ ታወራዋለች፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተዳረ፣ እሱ ከገነባቸው የማን ግንብ እንደተሰነጠቀ ትነግረዋለች። መተንፈሻዋ ብቻ ቡልቅ ትላለች።

ቢራው ሲደርስ ዋሲሁን በመስታወት ብርጭቆ ቀዳ። ቀለሙ የማር፣ አረፋው ነጭ ነበር። ደስ ብሎት ብርሃን ላይ ሲያነሳው ፊቱ ተለወጠ። ብርጭቆው ሥር ግራጫ ነገር ተቀምጧል።

"አተላ ነው" አለ። ደፍቶ በነጠላ አጥልሎ ቀዳ። አሁንም አለ። ሳሊሀ ጣቷን ነክራ በአውራ ጣቷ ፈተገችው።

"አሸዋ ነው" አለች። "ወላሂ፣ የወንዝ አሸዋ ነው። ብልጭልጩን አታይም?"

"ከውሃው ታንከር የገባ ነው!" ዋሲሁን ተናደደ። "ድካማችን ሁሉ ገደል ገባ። እንድፋው።"

"አትድፋው!"

የሻረግ እንዲህ ስትጮህ ሰምተዋት አያውቁም። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብላ አየችው።

"ሬሳውን አሳዩኝ ነበር ያልኩት" አለች። "ማምጣት የቻለው ይህንን ነው።"

ሳሊሀ መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት። "አብሽሪ የኔ እህት" አለቻት። "ደክሞት ይሆናል እኮ። አሳርፊው።"

በማግሥቱ የሻረግ አሸዋውን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። ቄሱ ሁሉንም ሰሙ። ጨርቁን ፈተው አዩና መልሰው ቋጠሩት።

"ልጄ፣ አሸዋውን እኔ አላውቀውም" አሉ። "የክርስትና ስሙን ግን አውቀዋለሁ። በስሙ እንጸልይለታለን። ይህንን እዚያ ዋርካ ሥር አፍስሺው፤ መሬት መሬትን ይቀበላል።"

አሸዋው ዋርካው ሥር ፈሰሰ፤ ፍትሐቱ ተደረገ፣ ተዝካሩም ወጣ። መንደሩ ሁሉ መጣ። ለሙስሊም ጎረቤቶች ሳሊሀ የማያሰክረውን ቅሪቦ አዘጋጀች፤ ለሌላው ቢራው ተቀዳ። የሻረግ እያንዳንዱን ብርጭቆ ሥሩን ታይ ነበር። በአንዱም አሸዋ አልነበረም። ከጋሹ ጋር ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ግንበኞች ጠጥተው "ነፍስ ይማር" አሉ። አንደኛው "ይሄስ የድሮው ጠላሽ ነው፣ መልኩን ቀይሮ ነው እንጂ" ሲላት ብርጭቆውን አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለዓመታት ያልወጣው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። ተዝካሩ ልቅሶ ሆነ። ሴቶቹ ከበዋት አለቀሱ፤ ወንዶቹም አንገታቸውን ደፉ።

ሰዎቹ ሲሄዱ በርሜሉ ወዳለበት ክፍል ገባች። ማንም አልነበረም። ብዙ ቆማ ጠበቀች፤ ግድግዳውን ዳሰሰች። ባዶ ክፍል ነው። ከሳሉ ይልቅ ይህ ዝምታ አስፈራት።

ዋሲሁን ወደ ኮምቦልቻ ሲመለስ "በርሜሉን ልውሰደው እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። "ተወው፤ ብቅል አብቅያለሁ" አለችው። ፋሲካ ሳይደርስ ገበያተኛው አህያውን አጥሯ ላይ ማሰር ጀመረ።

ጥቁር ልብስ የለበሰችው ከተዝካሩ በኋላ ነው። ሰው ከል በሚያወልቅበት ቀን እሷ ለበሰች፤ የሚያውቋት ማንም አልጠየቃትም። አንድ ቀን ከሮቢት ማሽላ ጭና ስትመለስ ለከተማው አዲስ የሆነ ባጃጅ ነጂ በመስታወቱ አያት።

"እናቴ፣ ምነው ጥቁር ለበሱ? ማን ሞቶብዎት ነው?"

"ባለቤቴ።"

"እግዚአብሔር ያጽናዎት። መቼ ነው?"

የሻረግ መንገዱ ዳር ያለውን የማሽላ አገዳ እያየች "በቅርቡ ነው" አለችው። "ገና በቅርቡ።"