በክቡ ውስጥ የበቀለው

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ካፊያው አባርቶ የአጥሩ ሽቦ ጠብታ አዝሏል።

የቅርስ ተቆጣጣሪዋ በሩን ከፍታ ገባች። ጽሕፈት ከመታወቁ በፊት የተተከሉት ድንጋዮች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ሜዳው የታላቅ እህቷ የግጦሽ መሬት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ላሞቹ እየታከኩ ሁለቱን ድንጋዮች ስለነቀነቋቸው ተቆጣጣሪዋ ሜዳውን በሽቦ አሳጠረች፤ እንስሳ ሁሉ ተከለከለ። እህትየው "ድንጋይ ሣር አይበላ፤ ላሞቼ ምን ቀሙት?" ብላ አኮረፈች። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ሰላምታ እንጂ ጨዋታ የለም።

ዛሬ የቅርስ ቢሮው ኃላፊ ሜዳው ለዘለቄታው ከግጦሽ እንዲዘጋ ሊፈርሙ ይመጣሉ።

ተቆጣጣሪዋ ላሞቹ ነክተውት በማያውቁት የሰሜኑ ድንጋይ ሥር ተንበረከከች። ግጦሽ ከቀረ ወዲህ የበቀለው ቁጥቋጦ ወገብ ደርሷል። አፈሩን በብሩሽ ጠረገች። አውራ ጣት የሚያህል ሥር ገብቶ የድንጋዩን መደገፊያ ጠጠሮች ፈልቅቋቸዋል። ድንጋዩ ቀጥ ማለቱን ለማየት ቱንቢዋን በገመዱ አንጠለጠለች። ድንጋዩ ዘሟል።

እህቷን አስጠራቻት። እህትየው ከሽቦው ማዶ ቆማ መንጥረሽ ተገላገይ አለቻት። ሥሩ ቢነቀል ጠጠሮቹ አብረው እንደሚናዱ፣ ተቆርጦ ቡቃያው በወጣ ቁጥር ካልተጋጠ ደግሞ እንደማይሞት ተቆጣጣሪዋ አስረዳቻት።

የእህትየው ፊት ፈካ። "እንግዲያው ላሞቼ ይግቡ።"

"ላም ከባድ ነው፣ ድንጋዩን ይነቀንቃል፤ አይገባም፣ እትዬ። በግ ነው የሚገባው።"

"በግ ከየት አባቴ ላምጣ?"

"ላሞቹን ሸጠሽ።"

እህትየው ከብቶቿ ወደቆሙበት ዳገት ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሳቀች። "ያው የእናቴ ልጅ ነሽ፤ በአንድ እጅሽ እየሰጠሽ በሌላው ትነሺያለሽ።"

ኃላፊው እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ቢሮው በዚህ አጥር መመስገኑን አስታውሰው፣ ለበላዮቻቸው ምን ብለው እንደሚያስረዱ ጠየቋት። እሷ ቱንቢውን በእጃቸው አስያዘቻቸው፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ድንጋዩ ግን ከገመዱ ራቀ።

"ይዘጋ ያልኩት እኔ ነበርኩ" አለቻቸው። "ላሞቹን አስቀረን፤ ደግ አደረግን። አሁን ድንጋዩን የሚጥለው ግን መዝጋታችን ነው። ሽቦው ይቆይ፤ በሩን ለበግ እከፍታለሁ።"

ኃላፊው ከገመዱ እስከ ድንጋዩ ያለውን ክፍተት በጣታቸው ለኩና እስክሪብቷቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

በሳምንቱ ቁጥቋጦው ተቆረጠ፤ ላሞቹም ተሸጡ። ከተቆረጠው ግንድ ቡቃያ ብቅ ሲል እህትየው በጎቿን እየነዳች በበሩ ገባች። የመጀመሪያው በግ በሰሜኑ ድንጋይ ሥር ያገኘውን ለጋ ቡቃያ በላ።