ባለ አምስት እግሩ ፍየል

«ይሄ የልጅ ደብተር ነው» አሉ ኦቦ ኦዳ፣ የሰጧቸውን ቀጭን ነገር እያገላበጡ። «መጽሐፉን አምጡልኝ ነው ያልኩት።»

«መጽሐፉ እሱ ነው፣ አባባ» አለች መኪያ፣ የሻይ ፔርሙሷን እንዳንጠለጠለች።

«ማል? ምን? ይሄ?» ኦቦ ኦዳ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበር የመጡት። እጃቸውን ዘርግተው አራቁት፤ አቀረቡት። «ትናንት ቀብር ላይ ደራሲ ነበረች ተብሎ ተነበበ እኮ። እኔ ይሄን የሚያህል መስሎኝ» አሉና በሁለት ጣታቸው የብሎኬት ውፍረት ለኩ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

ጥፋቱ የጋሽ ተድላ ነው። ጋሽ ተድላ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ የሟች የሕይወት ታሪክ የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ብዕር ቡራዩ ውስጥ ተራ ሰው ሞቶ አያውቅም። አምና ያረፉትን የወፍጮ ቤት ዘበኛ እንኳ «ዝነኛው የጸጥታ ባለሙያ» ብለው ነው የሸኟቸው። መምህርት ማሪቱ ሠላሳ ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምረው አንድ መጽሐፍ ማሳተማቸው ሲነገራቸው ደግሞ ጋሽ ተድላ ምን ያቁማቸው! ሽፋኑን አዩ፤ «ጽሑፍና ሥዕል፦ መምህርት ማሪቱ» ይላል። «እውቅ ደራሲና ሠዓሊ» ብለው ጻፉ።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ መጽሐፉን ካላየሁ አለ። አልጋ ሥር ከቆየው ካርቶን አንድ ወጣና ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሩቲ የምትባል ተማሪ አለች፤ ፊደሉ አልገባ፣ ቁጥሩ አልገባ ብሏት ከክፍሏ መጨረሻ ትወጣለች። አንድ ቀን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ፍየል ትሥላለች። መምህሯ ያዩባታል። ሩቲ ልመታ ነው ብላ ዓይኗን ስትጨፍን፣ መምህሯ ደብተሩን ከፍ አድርገው ለክፍሉ ሁሉ ያሳዩላታል። አለቀ።

«ሥዕሉን አያችሁልኝ? እንዲህ ያለ እጅ ነበራት ለካ!» አለች አንዷ።

«ኧረ እጅ ነው!» አለች ሌላዋ።

የሟች ልጅ ሉሲ ጥግ ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ እጇ በተወደሰ ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ሰው ሐዘን መሰለው። ሐዘንም ነበር፤ ብቻውን ግን አልነበረም።

ሥዕሉን የሣለችው እሷ ናት።

አራተኛ ክፍል ስትወድቅ ያስተማሯት እናቷ ነበሩ። መምህርት ማሪቱ የገዛ ልጃቸውን ካርድ ላይ «ትድገም» ብለው በቀይ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ቤት ሲመለሱ ምሳ አቀረቡላት። ሰፈሩ አንድ ወር ሙሉ ይህንኑ አወራ። ያን ክረምት ግን ባለ አሥራ ሁለት ከለር ገዙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እናት ትጽፋለች፤ ልጅ ትሥላለች። የፍየሉ ገጽ ሲያልቅ መምህርት ማሪቱ አዩትና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ምነው እማዬ?»

«ምንም። ተይው፣ እንዳትነኪው።»

መስከረም ላይ አንድ ርእሰ መምህር ረቂቁን አይተው ለትምህርት ቤታቸው ሊገዙ ከፈቀዱ በኋላ፣ «ሠዓሊዋ የምትደግመዋ ልጅሽ ናት እንዴ?» ብለው ቅር እያላቸው ጠየቁ። በሳምንቱ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት መጣ። ሉሲ ስሟን ሽፋኑ ላይ ፈለገች፤ ውስጡን ፈለገች፤ ጀርባውን ፈለገች።

«በሚቀጥለው እትም» አሉ እናቷ፣ ፊታቸውን ወደ ካርቶኑ አዙረው። «መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቹ ይልመዱት።»

የሚቀጥለው እትም አልመጣም። ሉሲም እርሳስ አላነሳችም። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዓለም ገና፣ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ኬክ ላይ በክሬም ስም ትጽፋለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም።

ማታ ጓሮ ብርጭቆ ሲያጥቡ መኪያ ተጠጋቻት። አብረው ነው የተማሩት፤ ያን ክረምት ጠረጴዛው ሥር ከለር ስትቀርጽላት የነበረችው እሷ ናት።

«ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? እናቴ ዋሽታ ነው የሞተችው ብዬ? አፈሩ ሳይደርቅ?»

«ጋሽ ተድላ 'ሠዓሊ' የሚለውን መቃብሯ ላይ ሊያስቀርጹት ነው። ነገ ድንኳኑ ሲነሳ ጽሑፉን ለእብነ በረድ ቆራጩ ይወስዱለታል። በክሬም የሚጻፍ እንዳይመስልሽ፤ ስትፈልጊ በቢላ አትጠርጊውም።»

ሉሲ ብርጭቆውን ሁለተኛ ጊዜ አጠበችው።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ኦዳ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። የሠልስት ቀን ነው፤ ልቅሶው ረገብ ብሏል፤ የእድሩ ሰዎች ባዶውን አግዳሚ እየሰበሰቡ ነው። ጋሽ ተድላ የሐውልቱን ጽሑፍ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተዋል። ኦቦ ኦዳ መጽሐፉን ተቀብለው፣ ትናንት የጎደለባቸውን ሊያካክሱ ይመስል፣ ገጽ በገጽ በጣታቸው ሄዱበት። ፍየሉ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» ቀና አሉ። «አምስት።»

«ምኑ ነው አምስት?» አሉ ጋሽ ተድላ።

«እግሩ! ኧረ ማሪቱ! የፍየል እግር የማትቆጥር ናት ለልጆቻችን ሒሳብ ያስተማረችው?»

ድንኳኑ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ሦስት ቀን ያለቀሰ ሰው ሳቅ ሲያገኝ አይመርጥም። «ለዚህ ነዋ የኔ ልጅ ማካፈል ያቃተው!» አለ ከወደ በሩ አንዱ፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ።

ሉሲ ተነስታ ቆመች። ነጠላዋ ከራሷ ወደቀ።

«እሷ አይደለችም የሣለችው። እኔ ነኝ።»

ሳቁ ተቋረጠ።

«እኔ ነኝ አምስት ያደረግኩት። የዛን ጊዜ መቁጠር አልችልም ነበር። እሷ አይታዋለች፤ ማስተካከል ትችል ነበር፤ ተይው አለችኝ። እናቴ ላይ አትሳቁ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ሙገሳውን ዝም ብላ ለእናቷ የለቀቀች ልጅ፣ ስሕተቱን ግን አልለቅም አለች።

ጋሽ ተድላ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። «ታዲያ እኔ... በቀብር ላይ በድምፅ ማጉያ...»

«ሠዓሊ የሚለውን ይሰርዙት፣ ጋሼ። ደራሲንም ከፈለጉ። መምህርት ብቻ ይበሉ።»

«ቆይ ቆይ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ ኦዳ። እንደ ልጅነቷ ነው የጠሯት፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ሁሉም ሰው ሣልኩ ማለት ይችላል። ተድላ፣ እስክሪብቶህን ስጣት።»

«አባባ፣ ከሣልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«እኔ አልቸኩልም። አግዳሚውም ገና አልተሰበሰበም።»

ሉሲ መጽሐፉን ተቀብላ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። የመጨረሻውን ባዶ ገጽ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። እጇ ክሬም እንደያዘ እጅ ጸና። የእናቷን ፊት አልደፈረችውም። ከጀርባ ነው የሣለቻቸው፦ ሰሌዳ ፊት ቆመው፣ ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ተንሸራቶ፣ አጭር ነበሩና ሰሌዳው አናት ላይ ለመድረስ ተረከዛቸውን ከወለሉ አንስተው። መኪያ ከላይ አይታው ፔርሙሱን መሬት አስቀመጠችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሉሲ ገጹን ለኦቦ ኦዳ ሰጠች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉ፤ መልሰው አደረጉ፤ እንደገና አውልቀው ወለወሉ። ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸውም ወረዱበት፣ ከነጠላው እስከ ተረከዙ።

«እግሯ ሁለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ተሻሽለሻል።»